ጨዋው ካሜራ እና ወሬኛው ካሜራ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቤቲ ሁለት ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሱቄ ገባች። ቤቲ የአክስቴ ልጅ የአስቴር ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ ከትምህርቷ ጎን ለጎን የምረቃና የልደት ፎቶ እያነሳች የራሷን ሥራ ልትጀምር ቆርጣ ተነስታለች። ካሜራዎቹን ለሙከራ ከሰው ተውሳ ነው፤ የተሻለውን ልትገዛ። እኔ ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥ ሰው ብሆንም በጉርምስናዬ ፎቶ ቤት እሠራ እንደነበር ታውቃለች፤ ምክር ፈልጋ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አለችና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

አንዱ አዲስ ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ያነሳውን ፎቶ ወዲያው ወደ ስልክ የሚልክ፣ በጨለማ እንደ ድመት የሚያይ ነው። ሌላው የቤቲ እኩያ ነው። እጀታው ላይ የተለበጠው ጎማ አርጅቶ ያጣብቃል። ነካሁትና ጣቶቼን በሶፍት ጠረግሁ። ስንት ሰው ላቡን እንዳጠጣው እግዜር ይወቅ።

«ይሄንንማ ወዲያ በይው» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ አሁን እኮ ፋሽኑ አሮጌው ነው! አዲስ አበባ ያሉ ልጆች እሱን ነው የሚፈልጉት። አዲሱ የፊት ቀዳዳ ሳይቀር ያወጣል። አሮጌው ግን ቆዳ ያለሰልሳል።»

ቆዳ ያለሰልሳል። ይህችን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ሌንሱን ፈትቼ በበሩ በኩል ወደሚገባው ብርሃን አዞርኩት። እንደጠረጠርኩት ነው። መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ሻጋታ ከዳር ወደ መሐል ተዘርግቷል። ልጆቹ ፋሽን ብለው የሚራኮቱበት ልስላሴ ይኸው ነው፤ ዳቦ ላይ ቢያዩት ኖሮ አንስተው ይጥሉት ነበር።

ቤቲ ግን ሻጋታውን ልብ አላለችውም። ከቦርሳዋ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ፍሬም አውጥታ በጥንቃቄ ፈታችው። «ለእማዬ ልደት ነው። ማንም አላየውም፤ አንተ መጀመሪያ እይልኝ።» እናቷን በሁለቱም ካሜራ አንስታ ኖሯል። ከዚያ የአሮጌውን መርጣ፣ በኮምፒውተር አሳምራ፣ አሳጥባ፣ በሚያብረቀርቅ ፍሬም አስገብታዋለች።

አስቴርን ለማያውቃት ሰው ልንገረው። በቀኝ ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የሚወርድ የእሳት ጠባሳ አላት። በግራ ጉንጯ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አለች። ፍሬሙ ውስጥ ያለችው ሴት ሁለቱም የሏትም። ፊቷ አሁን የተቀባ ግድግዳ መስሏል።

«አላማረባትም?» አለች ቤቲ፣ ዓይኗ እየሳቀ።

«እናትሽ ከሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል ትለፍ በያት። እስከዚያ እዚሁ ይቆይ» አልኳት። እሷ ካሜራዎቹን ይዛ ልትሞክር ወጣች። እኔ ከዚያ ፎቶ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ።

ተጸያፊ ሰው መሆኔን ልደብቅ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እናቴ «ይሄ ልጅ ዝንብ ከሩቅ ካየ ምሳው ቀረ» ትል ነበር። ሰው የላሰውን ማንኪያ፣ የጋራ ፎጣ፣ የሚያጣብቅ የበር እጀታ አልወድም። ይሁንና በሕይወቴ ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸኝ ነገር ጭቃም እድፍም አልነበረም። አንድ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የታጠበ ፎቶ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የምሠራው የጋሽ ከማል ፎቶ ቤት ነበር። ጋሽ ከማል አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ሀዲይኛን ከእኛ እኩል የሚናገር፣ ሳቂታና ነገር አዋቂ ነጋዴ ነው። ፎቶ ቤቱ በፊት ለፊት ፎቶ የሚሰቀልበት የመስታወት ቪትሪን አለው፤ ከኋላ ደግሞ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ የተሰቀለበት ክፍል። ክረምት ሲገባ የዚያ ክፍል ግድግዳ አረንጓዴ ያበቅላል። ምንጣፉ የእርጥብ ውሻ ሽታ አለው። ሙሽሮች አፍንጫቸውን ይዘው ይገቡና ፏፏቴው ፊት ቆመው ይስቃሉ።

የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራችን በዚያ ክፍል መሳቢያ ውስጥ፣ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ነበር የሚያድረው። ጋሽ ከማል ያገለገለ ገዝቶ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው። ስድስት ሜጋፒክስል። ስክሪኑ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ሁለት ሦስት ጊዜ ካነሳ በኋላ ቆም ብሎ ያስባል፤ እስኪጨርስ ደንበኛው ፈገግታው ይደርቃል። መብራት ካነሰው ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ክረምት ከክረምት መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ሌንሱ ሻገተ፤ እኛ ግን አላወቅንም። የምናየው ውጤቱን ነው። የሰው ፊት ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ሽበትና ብጉር ይጠፋል፤ ደንበኛ ይደሰታል። ጋሽ ከማልም «የእኔ እጅ ነው» እያለ ይኮራ ነበር።

ከዚያ ዱባይ የሚኖር ወንድሙ አዲሱን ትውልድ ላከለት። አሥራ ሁለት ሜጋፒክስል፣ ሰፊ ስክሪን፣ ጣትህን እንዳሳረፍክ የሚተኩስ፣ ንጹሕ ሌንስ ያለው። ካርቶኑን የከፈትን ቀን የመጀመሪያውን ፎቶ ጋሽ ከማልን አነሳሁት። በኮምፒውተር አጉልተን ስናየው የአፍንጫው ጸጉር፣ ጥርሱ መሐል የቀረች የጎመን ቅጠል፣ የዓይኑ ጥግ ላይ የደረቀ አይናር ሁሉ ወጣ።

«ኤጭ! ይሄን ሰውዬ አውጣልኝ!» አለና ከወንበሩ ተነሳ።

እኔ ሳቅኩ። ለሰው ፊት እውነቱን የሚናገር መሣሪያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወደድኩት።

በዚያ ዘመን በእኛ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደ ጎረምሳ ቢኖር ለመሄድ ጓዙን የሚሸክፍ ነው። በዙሪያችን ካሉት ከሆመቾም፣ ከሀቢቾም፣ ከቦኖሻም ልጆች ሄደው እዚያ ሱቅ ከፍተዋል። ሚስት ሲያምራቸው ግን ዓይናቸው ወደ አገር ቤት ነው። መምጣት አይመቻቸውም፤ ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቱ ፎቶ ወደዚያ ይላካል። ልጁ ከወደደ ሽማግሌው ይሄዳል፣ ሠርጉ ሙሽራው በሌለበት ይበላል፣ ሙሽራይቱ በአውሮፕላን ትከተለዋለች። በዚህ መንገድ ተጋብተው ተዋደውና ተከባብረው የሚኖሩ ብዙ አውቃለሁ። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ የፎቶው ነገር ነበር። የወንዱ ዘመዶች ልጅቱን አጅበው ይመጣሉ። «ቁመቷ ይታይ። በጎን አዙራት። ትሳቅ፣ ጥርሷ ይታይ።» ይላሉ። ቅዳሜ ከብት ተራ የሰማሁትን ቃል ሰኞ ፎቶ ቤት እሰማው ነበር።

አስቴር በዚህ ወግ ፎቶ ቤታችን የመጣችው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ያኔ እሷ ገበያው አጠገብ በአንድ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት ትሠራ ነበር። ስትሠራ ስለሚያስቸግራት ጸጉሯን ወደ ኋላ ትጎትተዋለች፤ ስለዚህ ጠባሳዋን ከተማው ሁሉ ያየዋል። ትንሽ ልጅ ሳለች በመስቀል ዋዜማ እናቷ ለአተካና የሚሆን ቅቤ ስታነጥር ድስቱ ተገልብጦባት ነው። አተካና በእኛ አገር ቡላው በወተት፣ በቅቤና በአይብ ተሠርቶ ለመስቀል የሚበላ የክብር ምግብ ነው። አስቴር «እኔ ከሁላችሁም በፊት የቀመስኩት በጉንጬ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ያን ቀን ግን የምትቀልድ አትመስልም። እናቷ፣ አክስቴ ወርቅነሽ፣ ከሆመቾ በጭቃ መንገድ መጥታ፣ የፕላስቲክ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ደህናውን አጥልቃለች። ልጅቱን ጸጉር ቤት አስገብታ ፊቷን በፓውደር አስመትታታለች። ፓውደሩ እስከ አገጯ ነጭ ነው፤ አንገቷ የራሷ መልክ ነው።

«ዱቄት ውስጥ የወደቀች አይጥ መሰልኩ አይደል?» አለችኝ አስቴር በጆሮዬ።

ፎቶው የሚላክለት ልጅ ሳሙኤል ይባላል፤ ዘመዶቹ የሀቢቾ ሰዎች ናቸው። እሱን ወክለው የመጡት አጎቱ አቶ ሄራሞ ነበሩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከሥጋ ቤት በቀጥታ፣ በስንጥር ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡ። ክትፎ በቆጮ በልተው ጣታቸውን በደንብ አልታጠቡም፤ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው፣ ከዚያ መዳፌን በሱሪዬ ኪስ ውስጥ ጠረግሁ።

ጋሽ ከማል አዲሱን ካሜራ ለማስተዋወቅ ቸኩሎ ነበር። «በሁለቱም አንሳትና ይምረጡ» አለኝ። አነሳኋት። ፏፏቴው ፊት፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ መብራት፣ መጀመሪያ በአሮጌው ቀጥሎ በአዲሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ታትመው ባንኮኒው ላይ ሲዘረጉ ሁላችንም ጎንበስ አልን።

የአሮጌው ፎቶ ላይ ጉም ውስጥ ያለች ልጅ አለች። ቀኝ ጉንጯ ላይ የሆነ ጥላ ነገር አለ፤ ለማያውቅ ሰው የመብራት ጥፋት ይመስላል። የአዲሱ ፎቶ ላይ አስቴር አለች። ፓውደሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ይታያል። ጠባሳው ከነመስመሩ ይታያል። ግን ዓይኗም ይታያል፤ ነገር ከመናገሯ በፊት የሚስቀው ያ ዓይኗ። አሮጌው ካሜራ ጠባሳውን ሲሸፍን ዓይኗንም አብሮ ነበር የሸፈነው።

አቶ ሄራሞ አውራ ጣታቸውን የአዲሱ ፎቶ ላይ፣ ልክ ጠባሳው ላይ አሳረፉት። ሲያነሱት የቅቤ አሻራ ጉንጯ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«በልጅነቷ ነው፣ ጋሼ» አለች አክስቴ በፍጥነት። «ጠባሳዋ ትንሽ ናት። ቀርባችሁ ካላያችሁ አትታይም።»

«ይሄ አዲሱ ካሜራ ወሬኛ ነው» አሉ አቶ ሄራሞ። «የሰው ጓዳ ገብቶ የሚያወጣ። አሮጌው ግን ጨዋ ነው። ያየውን ሁሉ አይናገርም።»

ጋሽ ከማል ሳቀላቸው። «ገበና ከታች ነው እኮ የእኔ አሮጌ!» አለ።

የሁለት ካሜራ ንጽጽር በሕይወቴ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ሌንስ፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቀለም ሰዎች ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ። እንደዚያ ቀን የመሰለ ንጽጽር ግን አልገጠመኝም። እኔ ዓይኔ የቅቤው አሻራ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሶፍት አንስቼ ጠረግሁት፤ ቅባቱ ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጓል።

ያኔ አስቴር ተናገረች። ድምጿን አልጨመረችም። «ጋሼ፣ የአዲሱ ይላክለት። እኔ እሱ ዘንድ የምደርሰው በዚህ ጉንጬ ነው። አይቶ ከፈለገ ይፈልግ፤ ካልፈለገ እዚሁ ቤቴ ልቅር። ሰው አገር ኤርፖርት ላይ ቆሜ ‹አይ፣ አንቺ አይደለሽም› ከምባል ዛሬ ቢቀር ይሻለኛል።»

ይኸው ነው የፈለገችው። ከዚህ የቀለለ ነገር ማን ይለምናል? አክስቴ ግን ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ዝም በይ። ወንድ ልጅ ከለመደ ጠባሳ አያይም» አለቻት በሹክሹክታ። አቶ ሄራሞ የሰሙ አልመሰሉም። ሁለቱን ፎቶዎች እያፈራረቁ ካዩ በኋላ ውሳኔያቸውን ሰጡ። የአዲሱ ጥራት ደስ ብሏቸዋል፤ የሐብል ክሯ ሳይቀር ይታያል። ጉንጯ ግን የአሮጌው ይሁን። «ሁለቱን ማዋሐድ አይቻልም?» ብለው ጠየቁ።

«በኮምፒውተር የማይቻል ነገር የለም» አለ ጋሽ ከማል።

«ጋሽ ከማል፣ እንደዚያ ያለ ፊት እኮ የለም» አልኩት።

«አንተ ደሳለኝ፣ ካሜራህን ያዝ» አለኝ።

ጋሽ ከማል ቁጭ ብሎ ሠራው። የአሮጌው ጉንጭ በአዲሱ ፊት ላይ እሺ አላለውም፤ አንዱ ጉም አንዱ ጥራት ሆኖ የተጣፈ ሱሪ መሰለ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ደህናውን የግራ ግማሽ ፊቷን ወስዶ፣ ገልብጦ፣ በቀኙ ላይ ለጠፈው። ጠባሳው ጠፋ። በቦታው ግን ያቺ ጥቁር ምልክት ተገልብጣ መጣች። ማርያም አንዴ ሳመቻት፣ ኮምፒውተሩ ደገማት። ግራና ቀኝ፣ በልክ የተቀመጡ ሁለት ምልክቶች ያሏት፣ ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል የሆኑ፣ በምድር ላይ ተወልዳ የማታውቅ ሴት ከማተሚያው ወጣች።

ማንም ምልክቷን አልቆጠረም። ወይም ቆጥረው ወደዱት። አቶ ሄራሞ «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። አክስቴ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጄ እንዴት ታምራለች!» አለች።

አስቴር በእናቷ ትከሻ ላይ አየችው። «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» አለች፤ ከዚያ ፎጣ ጠይቃኝ ፓውደሩን አጥባ ወደ ስፌቷ ሄደች።

ፎቶውን አቶ ሄራሞና ጋሽ ከማል ራሳቸው ኢንተርኔት ቤት ወስደው ላኩት። ግዙፍ ስለነበረ አልሄድ ብሏቸው፣ አሳንሰው ከብዙ ጥበቃ በኋላ አሳለፉት።

መልሱ በመስቀል ሰሞን መጣ። ሳሙኤል ወዷታል። አቶ ሄራሞ ወደ ሆመቾ ሄደው ነገሩን ሊጨርሱ፣ ሳሙኤልም በስልክ ሊያናግራት ቀጠሮ ተያዘ። እኔም የአክስት ልጅ ነኝና ሄድኩ። ዝናቡ አቁሟል፤ መንገዱ ግን ገና አልደረቀም፤ ሚኒባሷ ሁለቴ ተይዛ ወርደን ገፋናት። በየደጁ ያለው እንሰት ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ አደይ አበባው ከቦዩ ዳር ፈክቷል። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ቢደርስም ያን ቀን መንገዱ አልቀፈፈኝም። የቀፈፈኝ የምሄድበት ነገር ነው።

አክስቴ አተካና ሠርታ ጠበቀቻቸው። አቶ ሄራሞ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈበት ጎድጓዳ ሳህን ተሰጣቸው። የሚበሉት በደስታ ነው፤ ከከንፈራቸው ጥግ የወረደው ቅቤ አገጫቸው ላይ ይረጋል። ስልኩ ሲጮህ በእጃቸው ጀርባ ጠርገው አነሱት። ከነዚያ ትልቅ ድምፅ ካላቸው የቻይና ስልኮች አንዷ ነበረች፤ ማጉያውን ከፈቱትና ሰላምታው ካለቀ በኋላ ለአስቴር ሰጧት። ንግግሩ በሀዲይኛ ነበር፤ እንደማስታውሰው በአማርኛ ላስፍረው።

የሳሙኤል ድምፅ ለስላሳና ጨዋ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃት። ከዚያ «ፎቶሽን ሱቁ ውስጥ ለጥፌ ሳየው ነው የምውለው» አለ። «በተለይ ሁለቱ ምልክቶችሽ! ግራና ቀኝ፣ እግዜር ለክቶ ነው ያስቀመጣቸው። እንደዚህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

የአቶ ሄራሞ ማንኪያ ሳህኑና አፋቸው መሐል ቆመ። አክስቴ ለልጇ በዓይኗ ትለምናታለች፤ እሺ በይ፣ አመሰግናለሁ በይ፣ ሌላው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

አስቴር ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ሳሙኤል፣ እኔ አንድ ምልክት ነው ያለኝ። እሷም በግራ በኩል ናት። በቀኝ በኩል በልጅነቴ ቅቤ አቃጥሎኝ የቀረ ጠባሳ አለ፤ ከጆሮዬ እስከ አገጬ። እሱን በኮምፒውተር ሸፍነውት ነው። እኔ አልነገርኩህም እንዳትል። የምመጣ ከሆነ ይህን አውቀህ ልምጣ።»

ከወዲያኛው ጫፍ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ የሆነ ሰው ዳቦ ይጠይቃል። በመጨረሻ «ስልኩን ለአጎቴ ስጪው» አለ።

አቶ ሄራሞ ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሌላ ፎቶ ላኩልኝ ይላል» አሉ።

አክስቴ እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። «እሰይ! ተመስገን! የአዲሱ ካሜራ አለ፤ እውነተኛው። ደሳለኝ ነገውኑ ይልከዋል!»

«የሌላ ልጅ ፎቶ ነው ያለው» አሉ።

ይህን ብለው ቁጭ አሉ። እኔ ጋቢያቸውን አጣፍተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የረጋውን ቅቤ በማንኪያቸው ሰባብረው ከቡላው ጋር አላቆጡት። አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ሳህኑ እስኪጠራ ድረስ በሉ። በመሐል «አፏን ብትይዝ ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር» ይላሉ አፋቸው ሞልቶ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ውሸቱን ያሠሩት እሳቸው፣ ጥፋተኛዋ እውነቱን የተናገረችው። የማኘካቸው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አተካና የምወደው ምግብ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሽታው ሲመጣ ወደ ውጪ እወጣ ነበር።

አስቴር በልተው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ማስታጠቢያ አምጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ እጃቸውን በወጉ አስታጠበቻቸው። ሳሙናውንም ሰጠቻቸው። በዚህች ብቻ ደስ አለኝ፤ እኚያ ሰው እኔ ሳያቸው በሳሙና ሲታጠቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከሄዱ በኋላ ከጓሮ እንሰቱ ሥር አገኘኋት። ታለቅሳለች።

«ለእሱ ነው?» አልኳት።

«ለማላውቀው ሰው አላለቅስም» አለች። «እናቴ ናት ያስለቀሰችኝ። ያንን ፎቶ አይታ ‹ልጄ እንዴት ታምራለች› ስትል ሰማሃት? እኔን አይታ አንድ ቀን እንደዚያ ብላ አታውቅም።»

ያልተጠቀምኩበትን ሶፍት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሆሳዕና ስመለስ ግን ጋሽ ከማል የባለ ሁለት ምልክቷን ሴት ፎቶ አስፍቶ አትሞ ቪትሪኑ ውስጥ ሰቅሏታል። «ናሙና ነው፤ ሥራችንን ያሳያል» አለኝ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። አስቴር ጠዋትና ማታ በዚያ በኩል ነው ወደ ስፌቷ የምታልፈው። አውርደው ብዬ ብለምነው «ደንበኛ እየጠራችልኝ እንዴት ላውርዳት?» አለ። እውነቱን ነው፤ ጠራችለት። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ገብታ በጣቷ እያመለከተች «እንደዚያች ሁለት ምልክት አድርጉልኝ» አለች። ጋሽ ከማል ወደ እኔ ዞሮ «አድርግላት» አለኝ። አዲሱን ካሜራ አንገቴ ላይ እንደነበረ አውልቄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሥራ ካሜራ ይዤ አላውቅም።

አስቴር ብዙ ሳትቆይ አንድ ሹፌር አገባች፤ ከሆሳዕና ዱራሜ የሚመላለስ፣ ሱሪውን ሊያሳጥር በረንዳዋ ላይ እየተመላለሰ ያያት ሰው። ያሳጠረው ሱሪ ብዛት መሳቂያ ሆኖ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቀኑ መሽቶ ኖሯል። አስቴር ከስፌት ቤቷ መጣች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ እንደ ድሮው ወደ ኋላ ተጎትቶ። ቤቲ ተከትላት ገባች። «መልካም ልደት እማዬ!» ብላ ፍሬሙን በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ ከዚያ ትንፋሿን ይዛ የእናቷን ፊት ታያለች።

አስቴር መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን ወደ መብራቱ አዘንብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለች። «ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ የነበረችው ናት። ያኔ ግን ሁለት ምልክት ነበራት።»

እኔን አየችኝ። ያ ዓይኗ ስቋል። ቤቲ ምንም አልገባትም። አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«የሌላውን ካሜራ አሳዪኝ እስቲ» አለቻት አስቴር። ቤቲ አዲሱን ካሜራ ከፍታ በስክሪኑ ላይ አሳየቻት። አስቴር ፎቶው ላይ ስፌት ማሽን ፊት ተቀምጣለች። ጠባሳው አለ፣ ምልክቷ አለች፣ ሽበቱ አለ። «ይኸውልሽ፣ እናትሽ ይቺ ናት። ፍሬሙ ያምራል፤ ይቺን አስገቢልኝ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ... እንድታምሪ ብዬ ነው» አለች ቤቲ፤ ድምጿ ተሰበረ።

አስቴር የልጇን ፊት በመዳፏ ያዘች። «አያትሽም እንደዚያ ነበር ያለችው» አለች። «ነይ፣ እቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ።»

አዲሱን ካሜራ መርጠው፣ ባዶውን ፍሬም ይዘው ሄዱ። የትኛው እንደሚሻል እኔ መናገር አላስፈለገኝም። ለነገሩ ካሜራዎቹን አልወቅሳቸውም፤ የያኔው አሮጌ የሻገተው በመሳቢያችን ነው፣ አዲሱም ያየውን ነው የተናገረው። የሚያጸይፈው ከካሜራው ኋላ ቆሞ «የቱ ይሸፍናል?» የሚለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚሸፈነውን ሰው የሚወድ ሲሆን ይብስብኛል። በአቶ ሄራሞ ልናደድ እችላለሁ። በአክስቴ ግን፣ በቤቲም፣ በምን አቅሜ ልናደድ?

ከፍሬሙ የወጣው ፎቶ ባንኮኒዬ ላይ ቀርቷል። ሳምንት ሙሉ ልጥለው አነሳዋለሁ፣ መልሼ በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። መቅደድ ይከብደኛል፤ ምንም ቢሆን አስቴርን ትመስላለች። ያቺ የመጀመሪያዋስ፣ ባለ ሁለት ምልክቷ? ያ ሳሙኤል የሚባል ሰው ከዚያ ወዲህ ስንት ፎቶ እንደተላከለት አላውቅም። አንዳንዴ ግን እዚያ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አርጅቶ፣ ግራና ቀኝ የተሳመችዋን ሴት ገና የሚጠብቅ ይመስለኛል።